የሊንከን ዳገት

ሊንከን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ባለ ረጅሙ ባርኔጣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ኖቲንግሃም የምትኖረው እህቴ «ቅዳሜ ሊንከን ልውሰድህ» ስትለኝ እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። ከተማዋ ግን እሱ ከመወለዱ ከ1,700 ዓመት በላይ ቀድማ ነበረች። የሮም ወታደሮች በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ኮረብታው ላይ ሰፍረው ምሽግ ሠሩ። በኋላ ሰፈሩ ከውትድርና የተሰናበቱ ሰዎች መኖሪያ ሆነና ሊንዱም ኮሎኒያ ተባለ። የሰው አፍ ሁለቱን ቃላት ሲያሻቸው፣ ሲያሳጥራቸው ኖሮ ሊንከን አደረጋቸው። ዛሬ በምሥራቅ እንግሊዝ የሊንከንሻየር አውራጃ ከተማ ናት። ሕዝቧ 100,000 ገደማ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባቡሩ ከኖቲንግሃም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ክረምት ያጠገበውን የፎገራ ሜዳ ያስታውሳል፤ አረንጓዴ፣ ዝርግ፣ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የሌለው። እንዲህ እያየን ስንሄድ ከአድማሱ ላይ ሦስት ማማዎች ብቅ አሉ። ከተማው ገና አይታይም፤ ማማዎቹ ብቻ ሰማይ ላይ ቆመዋል። በእኛ ገጠር ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ የጽድ ዛፍ ሲታይ እዚያ ደብር እንዳለ ይታወቃል፤ መንገደኛም ባርኔጣውን አውልቆ ያማትባል። ሊንከንም እንደዚያው ናት፤ ቤቷን ሳታዩ ቤተ ክርስቲያኗን ታያላችሁ። እህቴ «ካቴድራሉ ነው፤ ገና አልደረስንም» አለችኝ። እኔ ግን ከመስኮቱ መነሣት አቃተኝ።

ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል፤ የታች ከተማና የላይ ከተማ። ባቡሩ የሚያወርደው ታች ነው። ከጣቢያው አጠገብ የጆርጅ ቡል ሐውልት አለ። ቡል በ1815 እዚሁ ሊንከን ውስጥ ከጫማ ሠሪ አባት ተወለደ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ ራሱን በራሱ አስተምሮ በ19 ዓመቱ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። እውነትና ሐሰትን እንደ ቁጥር የሚያሰላው የእሱ ሥነ አመክንዮ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክና ጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒውተር የሚሠሩበት ነው። ሐውልቱ ፊት ቆሜ በስልኬ ፎቶ ሳነሣው፣ ስልኩ የማን ልጅ እንደሆነ ገባኝ።

ዋናውን መንገድ ይዘን ወደ ላይ ስንሄድ ሱቅ በሱቅ ነው። እህቴ በድንገት አቆመችኝና «አሁን የት ነህ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ» አልኳት። እጄን ይዛ በሱቆቹ ጎን ባለው ደረጃ ወደ ታች ስታወርደኝ ለካስ የቆምነው ድልድይ ላይ ነበር። ሃይ ብሪጅ ይሉታል፤ በ1160 ገደማ የተሠራ ነው። እላዩ ላይ ያሉት ባለ እንጨት ማገር ቤቶች ደግሞ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አሉ። ቤት ተሸክመው እስከ ዛሬ ከቆሙት የብሪታንያ ድልድዮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ከሥሩ የዊተም ወንዝ በጠባቡ ቅስት ሾልኮ ያልፋል፤ ሁለት ነጫጭ የውኃ ወፎች አንገታቸውን አቅንተው በቅስቱ ጥላ ውስጥ ይዋኛሉ። እንግሊዞች ስዋን ይሏቸዋል። እዚች ከተማ ስዋን የቅዱስ ወዳጅ ነው፤ ታሪኩን ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት በስተግራ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። «የአይሁዱ ቤት» ይባላል፤ የተሠራው ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። የበሩ ቅስት በቅርጽ ያጌጠ ነው፤ ከቅስቱ በላይ የፎቁ የምድጃ ጭስ መውጫ ተነሥቶ ይሄዳል። ባለቤቶቹ በር ሲከፍቱ እሳታቸው ከራሳቸው በላይ ይነድ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን በሊንከን ብዙ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ የሊንከኑ አሮን በእንግሊዝ ከነበሩት ባለጠጎች ግንባር ቀደሙ ነበር፤ ለነገሥታትም ለገዳማትም ያበድር ነበር። ቤቱን ዳስሼ አለፍኩ። የሆነውን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ስሙ ስቲፕ ሂል ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ ያው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ መኪና የማይወጣው፣ ጎንና ጎኑ በትንንሽ ሱቆች የተያዘ ጠባብ መንገድ። አሮጌ መጽሐፍ ይሸጣል፤ ሻይ ቤት አለ፤ ዳቦ ይሸታል። አንዳንዱ ቤት ከመዝመሙ የተነሣ ጎረቤቱን የተደገፈ ሽማግሌ ይመስላል። መንገዱ በጣም ቀጥ የሚልበት ላይ የእጅ መያዣ ብረት ተተክሏል፤ ከመዳፍ ብዛት አንጸባርቋል። ሰማንያ የሚጠጋቸው አንዲት እናት የገበያ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው፣ ብረቱን ይዘው ቀስ ብለው ሲወጡ ደረስንባቸው። መንገድ ለቀን ስንቆም ፈገግ አሉና «አትቸኩሉ፤ ላይ ያለው የትም አይሄድም» አሉን። ቀኑን ሙሉ ይህ ቃላቸው ከጆሮዬ አልጠፋም።

ላይ ስትደርሱ አደባባዩ በግራ ምሽጉን፣ በቀኝ ካቴድራሉን ይዞ ይጠብቃችኋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 እንደያዙ ድል አድራጊው ዊልያም በ1068 ምሽጉን በሮማውያን ቅጥር ውስጥ አሠራ፤ በዘመኑ የግብር መዝገብ ላይ እንደሰፈረው ለምሽጉ ሲባል 166 ቤቶች ተነሥተዋል። ካቴድራሉ የተጀመረው በ1072 ነው።

ወደ ካቴድራሉ ገባን። ፊቱ እንደ ግድግዳ ሳይሆን እንደ ገደል ነው፤ ቅስት በቅስት ላይ፣ ሐውልት በሐውልት ላይ። ድንጋዩ የማር ቀለም አለው፤ ደመናው ገለል ባለ ቁጥር ቢጫው ይነቃል። በ1185 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን አፈረሰው። በዓመቱ ሂዩ የሚባል ከአቫሎን የመጣ ፈረንሳዊ መነኩሴ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ በ1192 ሕንፃውን እንደገና አስጀመረ። ራሱ ድንጋይ ይሸከም ነበር ይባላል። አንድ ስዋን እሱን ብቻ ይከተል፣ ከእጁ ይበላ፣ ሲተኛም ይጠብቀው ነበርና እስከ ዛሬ ቅዱስ ሂዩ ሲሣል ስዋኑ ከጎኑ አይጠፋም።

ይህ እንግዲህ ቅዱስ ላሊበላ በሮሃ ዐለት ያስፈለፍል የነበረበት ዘመን ነው። አንዱ ሕዝብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲክብ፣ ሌላው ከላይ ጀምሮ ዐለቱን እየቀረፈ ወደ ታች ሲወርድ። ሊንከን ውስጥ ቀና ብዬ ሳይ፣ ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ የተሰማኝ መራድ መጣብኝ፤ እዚያ ወደ ታች፣ እዚህ ወደ ላይ።

ቅኔ ማህሌቱ ውስጥ ግቡና ጣራውን እዩ። የጣራው የድንጋይ ጅማቶች እንደ ሌላው ካቴድራል መሃል ላይ ተገናኝተው አይጨርሱም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። «ያበደው ጣራ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ለእኔ ግን እብደት አይደለም፤ የሞከረ ሰው እጅ ነው። መሃለኛው ማማ በ1311 ሲያልቅ በእንጨትና በእርሳስ የተሠራ ሹል ጫፍ ነበረው፤ ቁመቱ 160 ሜትር ገደማ ነበር ይባላል። ይህ ልክ ከሆነ ከግብፁ ታላቅ ፒራሚድ በልጦ፣ በ1548 ማዕበል እስኪጥለው ድረስ በዓለም ላይ ረጅሙ ሕንፃ እሱ ነበር። ዛሬ ማማው ያለ ጫፉ 83 ሜትር ነው፤ አልጎደለበትም። ካቴድራሉ የራሱ ድንጋይ ጠራቢዎች እስካሁን አሉት፤ በአንዱ ጎን ጨርሰው በሌላው ይጀምራሉ። 800 ዓመት ሙሉ ግንባታው ቆሞ አያውቅም ብል ያስኬዳል።

በምሥራቁ ጫፍ ከሁለት ቅስቶች መካከል፣ ከፍ ብሎ፣ አንድ ትንሽ የድንጋይ ሰይጣን እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ካቴድራሉን ሊያጠፋ መጥቶ መልአክ ወደ ድንጋይ ለወጠው ይላሉ። የከተማው እግር ኳስ ቡድን ቅጽል ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ከእሱ በታች የንግሥት ኤሊነር የሆድ ዕቃ የተቀበረበት መቃብር አለ። ንግሥቲቱ በ1290 እዚሁ አቅራቢያ ሞተች፤ ባሏ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ አስከሬኗን ወደ ለንደን ሲወስድ፣ ባደረበት ቦታ ሁሉ የድንጋይ መስቀል አቆመላት። ለንደን የኖራችሁ ቻሪንግ ክሮስን ታውቁታላችሁ፤ የመጨረሻው መስቀል እዚያ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያሳዩን በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ነበሩ፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ወደ ደቡቡ መተላለፊያ ወሰዱንና ግድግዳው ሥር ካለ አነስተኛ መቃብር ፊት አቆሙን። ምንም ጌጥ የለውም። «ይህን ሳያነቡ እንዳይሄዱ» አሉኝ፤ ጽሑፉን አሳይተውኝ ራቅ ብለው ቆሙ።

በ1255 በሊንከን አንድ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠፋ። ስሙ እንደ ቅዱሱ ሂዩ ነበር። አስከሬኑ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ከተማው «አይሁድ ለሃይማኖታቸው ሥርዓት ገደሉት» አለ። 19 አይሁድ ተሰቀሉ። ልጁ እንደ ሰማዕት ተቆጥሮ እዚህ መቃብር ተሠራለት፣ ተሳላሚ ጎረፈለት። ነገሩ ሁሉ ሐሰት ነበር። ካቴድራሉ ዛሬ በመቃብሩ አጠገብ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለው ወሬ በመላው አውሮፓ የብዙ ንጹሐንን ደም እንዳፈሰሰ፣ ለክርስትናም ክብር እንደማይሆን ገልጾ ይቅርታ ይለምናል። የሚያሳዝነው ሌላም አለ። ቅዱስ ሂዩ በሕይወት ሳለ አይሁድን ሊያጠቃ ከመጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ያስጣለ ሰው ነበር፤ በ1200 ሲሞት አይሁድ ቀብሩ ላይ አለቀሱ። 55 ዓመት ብቻ አለፈ። በ1290 ደግሞ ያ ለሚስቱ መስቀል ያቆመ ንጉሥ፣ ሚስቱ ከመሞቷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ አይሁድን ሁሉ ከእንግሊዝ እንዲወጡ አዘዘ። ታች የዳሰስኩት ቤት ባለቤት አልባ የሆነው እንዲህ ነው ይባላል።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት አገሬን ነው። በጎንደር በኩል ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራለትን፣ ሸክላ ጠፍጥፋ ጀበና የምታቀርብለትን ቤተ እስራኤል «ቡዳ» ያለው የእኔው ወገን ነው። ልጅ በታመመ ቁጥር የሚጠረጠሩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ ልጆቻቸው እስራኤል ይኖራሉ፤ ቃሉ ግን ከአፋችን ገና አልወጣም። አሮጌ ሕንፃ ጠብቆ ማቆየት ብዙ አገር ይችልበታል። «እዚህ ውስጥ ዋሽተናል፤ በውሸታችን ሰው ሞቷል» ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ሰው በሚያልፍበት ላይ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ሊንከንን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ምሽጉ ስንሻገር ዋይት ሃርት የሚባል ጥንታዊ ሆቴል አለ። በ1915 ዊልያም ትሪተንና ዋልተር ዊልሰን የተባሉ መሐንዲሶች አንድ ክፍል ይዘው በሰንሰለት የሚሄድ የጦር መኪና ነደፉ፤ ታች ባለው የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ተሠራ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው ተባለና «ታንክ» የሚለው ስም በዚያው ቀረ። እኛ የውኃውን ታንከር፣ የጦሩን ታንክ ስንል ሁለቱ ስም የተጋሩት ከዚህ ማታለያ የተነሣ ነው። በ1935 ደምበጉና ላይ ከጣሊያን ታንክ ጋር ግብ ግብ የገጠሙት የራስ እምሩ ወታደሮች የነገሩ መነሻ ይህ ጸጥ ያለ ሆቴል መሆኑን ማን ነግሯቸው!

ምሽጉ ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት የአንዲት ሴት ስም ነው፤ ወይዘሮ ኒኮላ ደ ላ ሄይ። የምሽጉን አዛዥነት ከአባታቸው የወረሱ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቁልፉን ለንጉሥ ጆን አቅርበው «አርጅቻለሁ፣ ተረከቡኝ» ቢሉት «ይያዙት» አላቸው ይባላል። በ1216 ንጉሡ ሊሞት ሲል የሊንከንሻየር ሸሪፍ አድርጎ ሾማቸው። በ1217 የፈረንሳይ ጦርና ያመፁ መሳፍንት ከተማውን ይዘው ምሽጉን ሲከብቡ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ወይዘሮ ኒኮላ ደጋፊ ጦር እስኪደርስላቸው በር አልከፈቱም። በግንቦት ወር ዊልያም ማርሻል ደርሶ ድል ሆነ። ያን ዕለት ሊንከን ብትወድቅ የእንግሊዝ ዘውድ ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ። እኛ የእቴጌ ጣይቱን መቐለ የምናስታውስ ሰዎች ለእኒህ እመቤት ባዳ አይደለንም።

እዚያው ምሽግ ውስጥ ማግና ካርታ የተባለው ውል የተቀመጠበት ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን ይጎዳዋል። እኔ የጠበቅሁት ትልቅ ነገር ነበር። ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ክንድ ያህል የሆነ አንድ የበግ ቆዳ ብራና ነው። ሐረግ የለውም፣ ሥዕል የለውም፣ ቀይ ቀለም የለውም። ደቃቅ ቡናማ የላቲን ጽሕፈት ከዳር እስከ ዳር ጢም ብሎ ሞልቶታል፤ ጸሐፊው ቦታ እንዳያልቅበት የፈራ ይመስላል። በ1215 መሳፍንቱ ንጉሥ ጆንን አስገድደው ማኅተም ካስደረጉበት ውል ቅጂዎች እስከ ዛሬ የተገኙት አራት ናቸው፤ ሁለቱ ለንደን፣ አንዱ ሶልዝበሪ፣ አንዱ ይህ። በጀርባው ላይ «ሊንኮልኒያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለዚህች ከተማ እንዲላክ ነው። ነፃ ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር፣ ፍርድም እንዳይሸጥና እንዳይዘገይ የሚለው ቃል በእነዚያ ደቃቅ መስመሮች ውስጥ አለ። በ1939 ኒው ዮርክ ለዓለም ኤግዚቢሽን ሄዶ ሳለ ጦርነት ተነሣና በአሜሪካ ወርቅ ማከማቻ ፎርት ኖክስ ከርሞ ተመለሰ።

ከጎኑ ያለው የ1217ቱ የጫካ ቻርተር ግን የበለጠ ልቤን ነካው። ማግና ካርታ ለመሳፍንት ነው፤ ይህኛው ለተራው ሰው። በንጉሡ ጫካ ከብት ማሰማራት፣ ማገዶ መልቀም። እንጦጦ ዳገት ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ላየ ሰው፣ ማገዶ በሕግ ሲጻፍ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በ1848 ወደተሠራው ወህኒ ቤት ጸሎት ቤት ወጣን። እስረኞች እርስ በርስ እንዳይተያዩ እያንዳንዱ ለብቻው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቆም ነበር፤ ሣጥኖቹ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ትከሻዬ ግራና ቀኙን ነካ። ጎረቤቴ የቆመችው እህቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች፤ ግን አላየኋትም፣ ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ። የሚታየው የሰባኪው መቆሚያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስብከት ሰውን ያቃናል ብለው ሞከሩት፤ በ1878 ወህኒው ተዘጋ።

ሉሲ ታወር በሚባለው ክብ ግንብ ውስጥ ደግሞ በሞት የተቀጡ ሰዎች መቃብር አለ። (ስሙ ከመካከለኛው ዘመን እመቤት የመጣ ነው፤ ሐበሻ ጆሮ ግን ድንቅነሽን ይሰማል።) ሣሩ ላይ ስንዝር የማይሞላ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ የስም የመጀመሪያ ፊደላትና ቀን። ሙሉ ስም የለም። ጎንበስ ብዬ አንዱን በጣቴ ጠረግሁት። ከምሽጉ ግቢ ሳትወጡ፣ ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ ያለው ሕንፃ ዛሬም ችሎት የሚቀመጥበት ፍርድ ቤት ነው።

በግንቡ አናት ላይ ዙሪያውን ይኬዳል። ከዚያ ላይ ያ ሜዳ ተመልሶ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከዚህ ሜዳ ነበር፤ ከጀርመን ሲመለሱ አብራሪዎቹ ቤት መድረሳቸውን የሚያውቁት የካቴድራሉን ማማዎች ሲያዩ ነው። ብዙዎቹ አላዩአቸውም። በስተደቡብ ኮረብታ ላይ 31 ሜትር ቁመት ያለው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ልኩ ከአንድ ላንካስተር አውሮፕላን ክንፍ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው። በዙሪያው ባሉት ግድግዳዎች ላይ 58,000 ያህል ስሞች ተጽፈዋል።

ሊመሽ ሲል ወደ ኒውፖርት ቅስት ሄድን። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማውያን የሠሩት የሰሜን በር ነው። አጥር አልከበበውም፤ መኪና በሥሩ ያልፋል። በ1964 አንድ የጭነት መኪና ተሰክቶበት ጎዳው፤ ጠግነው መንገዱን መልሰው ከፈቱት። አንድ ልጅ በብስክሌት፣ ከኋላው አባቱ፣ ፉጨታቸውን እያሰሙ አለፉበት፤ ቀና ብለውም አላዩት። ለእነሱ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው።

ሊንከን ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ናት። እንግሊዝ የምትኖሩ፣ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የምትመጡ፣ አንድ ቅዳሜ ስጧት። አውቶቡስ አትያዙ፤ ዳገቱን በእግራችሁ ውጡ፤ ብረቱን ያዙ፤ መሃል ላይ አረፍ በሉ። ካቴድራሉ ስትገቡ ደግሞ በዚያ ትንሽ መቃብር አጠገብ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ልጆች ካሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።